የቶርኖ መቁረጫ መያዣ፦ ይሠራ ወይስ ይገዛ?

ኩዊክ ቼንጅ የሚባለውን ቱል ፖስት የገዛ የቶርኖ ባለሙያ ብዙም ሳይቆይ መያዣ ያጥረዋል። ፖስቱ አንድ ነው፤ መቁረጫው ግን ብዙ ነው፦ ለላይ መላጊያ፣ ለፊት ማስተካከያ፣ ለጥርስ ማውጫ፣ ለመበጠሻ፣ ለውስጥ ማስፊያ። እያንዳንዱ በራሱ መያዣ ታስሮ ካልተቀመጠ የፖስቱ ጥቅም ግማሹ ይቀራል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከ57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ ለሚገዛ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። «ብረቱም አለ፣ ማሽኑም አለ፣ ለምን ራሴ አልሠራውም?» የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የዋዛ አይደለም።

ይሠራ የሚሉት ጠንካራ ነጥብ አላቸው። መያዣ ምስጢር የለውም፤ ከኋላው ከፖስቱ ጋር የሚጋጠም ዶቭቴል፣ መቁረጫው የሚቀመጥበት ቦይ፣ ከላይ የሚጫኑት ብሎኖችና ከፍታውን የሚያስተካክል ዳዶ ነው። ብረቱም ምናለሽ ተራ ከሚገኝ ቁርጥራጭ ሊወጣ ይችላል። ደግሞ ገበያው ላይ ያለው ሁሉ ለእርስዎ ማሽን አይሆንም፤ በተለይ አሮጌ ቶርኖ ላይ መቁረጫው ከቻኩ መሃል ከፍ ብሎ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ከፍ ካለ ሆዱ ብረቱን ይፈትገዋል እንጂ አይቆርጥም፤ ዝቅ ካለ ደግሞ ፊት ሲስተካከል መሃል ላይ ቁንጮ ይተዋል። በአራት ማዕዘኑ ቱል ፖስት ዝቅታውን የሚያርሙት ከመቁረጫው ሥር የላሜራ ቁራጭና የተሰበረ የመጋዝ ምላጭ እየደራረቡ ነው፤ መቁረጫው በተቀየረ ቁጥር ድርደራው እንደገና ይጀመራል።

ይገዛ የሚሉትም አልተሳሳቱም። ችግሩ ዶቭቴሉ ነው። ሚሊንግ ማሽንና 60 ዲግሪ የዶቭቴል መቁረጫ ይፈልጋል፤ ልኩም ሁለት ክብ ዘንጎች ጎኖቹ ላይ አስቀምጦ በማይክሮሜትር የሚወሰድ ነው። ትንሽ ከላላ መያዣው ይንቀጠቀጣል፤ ንዝረቱ ሥራው ላይ ይታተማል። የብረቱም ነገር አለ፤ የመኪና ሲሚያስ ጥሩ ብረት ቢሆንም ላዩ ብዙ ጊዜ የጠነከረ ስለሆነ መሣሪያ ይበላል። ይህ ሁሉ ሲሠራ ደንበኛ ውጭ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ባለሙያ የራሱን ሰዓት አይቆጥርም፤ ለዚህም ነው ራስ የሠሩት ነገር ሁልጊዜ ርካሽ የሚመስለው። ስዊዞች የሠሩትን በ40 አቅጣጫ የሚቆለፍ ማልቲፊክስ የሚባል ቱል ፖስት በትንሽ ቶርኖ ቤት ልሥራ ማለት ደግሞ ጨርሶ አይመከርም።

ክርክሩ ግን መያዣ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስል መካሄዱ አይገባኝም። ቦሪንግ ባር የሚባለውን የውስጥ ማስፊያ ዘንግ የሚይዘውን እንውሰድ። ዶቭቴል አያስፈልገውም፤ ቱል ፖስቱ ወልቆ በቦታው በአንድ ብሎን የሚታሰር ድፍን ብረት ይበቃዋል። ብረቱ ከታሰረ በኋላ መሰርሰሪያው ቻኩ ላይ ይገባል፤ የመስቀለኛው ተንሸራታች ይቆለፋል፤ ከዚያ ብረቱ በካሬጁ ወደ መሰርሰሪያው ይገፋል። የሚወጣው ቀዳዳ ከማሽኑ መሃል ከፍታ ጋር እኩል ነው፤ ማንም ለክቶ አላወጣውም፣ ማሽኑ ራሱ ነው ያወጣው። የመጨረሻውን ልክ በማስፊያ አድርሶ፣ አንዱን ጎን በመጋዝ ሰንጥቆ፣ ሁለት የአለን ብሎን ማስገባት ነው የቀረው። የመቁረጫው ጫፍ በዘንጉ መሃል መስመር ላይ እስካረፈ ድረስ ላሜራ መደርደር አይኖርም። የቱንም ያህል ውድ መያዣ ቢገዛ ለዚያ ማሽን ከዚህ የበለጠ ልክ አይሆንም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ፖስቱን ከነመቆለፊያው ግዙት፤ የቦሪንግ ባሩን መያዣ ሥሩት። ዶቭቴል ያላቸውን መያዣዎች ሚሊንግ ማሽን በግቢው ያለው ሰው በአንድ ጊዜ ከረጅም ብረት አውጥቶ ቢቆራርጣቸው ያዋጣዋል፤ ማሽን ተከራይቶ አንድ ለመሥራት የሚነሳ ግን መጀመሪያ የኪራዩንና የሰዓቱን ዋጋ ከሱቁ ዋጋ ጋር ያስተያይ።