ገቢው ያልፋል፣ ምስሉ ይቀራል፦ የኢንተርኔት የወሲብ ሥራ ዘላቂ መዘዝ ከሶፊ አንጻር ሲታይ

በሐረሪ ክልል የምትገኘው የሶፊ ወረዳ በአብዛኛው በማሽላ፣ በለውዝና በጫት የሚተዳደሩ አርሶ አደሮች መኖሪያ ናት። ወጣቶቿ ትምህርትና ሥራ ፍለጋ ወደ ሐረር፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ አዲስ አበባ ያቀናሉ። በእጃቸው የሚይዙት ስልክ ከሚከፍታቸው የገቢ መንገዶች አንዱ በአደባባይ አይነገርለትም፤ ይኸውም የወሲብ ይዘትን በኢንተርኔት አቅርቦ ገንዘብ ማግኘት ነው። በጉዳዩ ላይ የሚደረገው ክርክር ዘወትር ከሥነ ምግባር ውግዘት አያልፍም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን የሥራው ከባድ ጉዳት የሚመነጨው ገቢው አላፊ፣ ምስሉ ግን ነዋሪ ከመሆኑ እንደሆነና የአገሪቱ ሕግም ይህን እውነታ በቅጡ እንዳላጤነው ማሳየት ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የዘርፉ ታዋቂ መድረክ እ.ኤ.አ. በ2016 በለንደን የተመሠረተው ኦንሊፋንስ ነው። ኩባንያው ተመልካች ከሚከፍለው ገንዘብ 20 በመቶውን ለራሱ ያስቀራል። ለኢትዮጵያዊት ወጣት ይበልጥ ቅርብ የሆኑት መንገዶች ግን የቲክቶክ የቀጥታ ስርጭት ስጦታና ክፍያ የሚጠየቅባቸው ዝግ የቴሌግራም ቻናሎች ናቸው። የአገር ውስጥ ክፍያው በባንክ ሒሳብ ወይም በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቴሌብር ሊፈጸም ይችላል። አደጋው ከዚህ ይጀምራል፤ ገንዘብ ላኪ የተቀባዩን ስም ያያልና። ሠሪዋ ፊቷን ብትሸፍንና የሐሰት ስም ብትጠቀም እንኳ የክፍያው መንገድ ማንነቷን ያጋልጣል። ይህን ለማምለጥ ደላላ መካከል ስታስገባ ደግሞ ደላላው ከገቢዋ ይካፈላል፤ ከዚያም በላይ ምስሏንና ምስጢሯን ይይዛል። ከሥራው ልውጣ ባለች ዕለት በእጁ ያለው ምስል ማስፈራሪያ ለመሆን ቅርብ ነው።

ሁለተኛው ችግር ቅጂ ነው። ጥንት የጀጎል አምስቱ በሮች ሲመሽ ይዘጉ ነበር፤ ኢንተርኔት ግን የሚዘጋ በር የለውም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ቪዛና ማስተርካርድ ካርዶቻቸው ፖርንሀብ በተባለው ድረ ገጽ ክፍያ እንዳይፈጽሙ ባገዱ ጊዜ፣ ኩባንያው ማንነታቸው ካልተረጋገጠ ሰዎች የተጫኑ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቪዲዮዎችን አነሣ። ሆኖም በግለሰቦች ስልክና ኮምፒዩተር የተቀመጡትን ቅጂዎች ይህ እርምጃ ሊደርስባቸው አይችልም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ኦንሊፋንስ ግልጽ የወሲብ ይዘትን እንደሚከለክል አስታውቆ በቀናት ውስጥ ውሳኔውን ሻረ። ሁለቱ ክስተቶች አንድ ነገር ያሳያሉ፤ ገቢው ሠሪዋ በማትገኝበት ስብሰባ በአንድ ቀን ሊቋረጥ ይችላል፤ አንዴ የወጣን ምስል መመለስ ግን ኩባንያው ራሱ ቢፈልግ እንኳ አይሆንለትም።

ከሶፊ ተነሥታ ከተማ ቤት የተከራየች፣ በሃያ ዓመቷ ለጥቂት ወራት በዚህ ሥራ የቆየች ወጣት እንውሰድ። በሠላሳ ዓመቷ መምህርት ወይም የጤና ባለሙያ ሆና ወደ ወረዳዋ ትመለስ ይሆናል። የምትመለሰው ሠርግም ሐዘንም በአፎቻ በጋራ በሚከናወንበት፣ የአንዱ ስም የቤተ ዘመዱ ሁሉ ስም በሆነበት ማኅበረሰብ ውስጥ ነው። አንድ የድሮ ቪዲዮ ከአንድ ስልክ ወደ ሌላ ሲሻገር የሚፈርሰው የእርሷ ትዳር ብቻ አይደለም፤ የእህቷ እጮኝነትና የእናቷ በአፎቻ መካከል ቀና ብሎ መቀመጥም አብረው ይፈተናሉ። ከፍሎ ያየውንና ያሠራጨውን ሰው ግን ማንም አይጠይቀውም። በዚያ ገቢ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ወንድሞቿን አስተምራ ሊሆን ይችላል፤ ውለታው ሲረሳ ምስሉ አይረሳም።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 640 ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ የሆኑ ምስሎችን መሥራትንና ማሠራጨትን ይከለክላል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን የወሲብ ምስል በወንጀል ይቀጣል፤ በአንቀጽ 13 ደግሞ በኮምፒዩተር አማካይነት በሚሠራጭ ጽሑፍ ወይም ምስል ሌላውን የሚያስፈራራ ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚጠብቀው ይደነግጋል። እነዚህ ድንጋጌዎች ጎን ለጎን ሲነበቡ ክፍተቱ ይታያል። በደላላዋ የምትገፋ ሴት በአንቀጽ 13 ከሳሽ ለመሆን ፖሊስ ጣቢያ ስትሄድ፣ ለማስረጃ የምታቀርበው ምስል በአንቀጽ 640 ራሷን ተጠርጣሪ ሊያደርጋት ይችላል። ስለዚህ ዝምታን ትመርጣለች፤ አስፈራሪውም የሚተማመነው በዚህ ዝምታ ነው።

ለተበዳይዋ ከለላ መስጠት ሌሎችን ወደ ሥራው ይጋብዛል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ስጋቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ወላጆችም የሚናገሩት ከልጅ ፍቅር ነው። ይሁን እንጂ ወደ ሥራው የምትገባ ወጣት የምታስበው የወሩን የቤት ኪራይ እንጂ ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚመጣውን መዘዝ አይደለም። ስለዚህ ፍርሃት መግቢያውን አይዘጋም፤ የሚዘጋው መውጫውን ነው። በራሷ ፈቃድ ገብታለች የሚለውም መከራከሪያ ቢሆን ለአንድ ተመልካች የተሰጠ ፈቃድ ለዓለም ሁሉና ለዘላለም እንደተሰጠ አድርጎ መቁጠሩ ስሕተት ነው።

መፍትሔው ከሦስት አቅጣጫ ሊመጣ ይገባል። አንደኛ፣ ምስሏ ያለ ፈቃዷ ስለ ተሠራጨ ወይም ስለ ተፈራራች አቤት የምትል ሴት በአቤቱታዋ ምክንያት በአንቀጽ 640 እንዳትከሰስ ሕጉ በግልጽ ሊደነግግ ይገባል። ሁለተኛ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰጠው ዳታን የማስሰረዝ መብት በተግባር እንዲውል፣ ተቆጣጣሪ የሆነው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለዚህ ዓይነቱ አቤቱታ ምስጢር የሚጠብቅና ፈጣን መስኮት ሊከፍት ይገባል። ሦስተኛ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የተጀመረውን ስቶፕ ኤንሲአይአይ የተባለ ነጻ አገልግሎት ወጣቶች ሊያውቁት ይገባል። አገልግሎቱ ምስሉ ከባለቤቱ ስልክ ሳይወጣ ዲጂታል አሻራውን ብቻ ወስዶ፣ ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ቲክቶክን በመሳሰሉ ተባባሪ መድረኮች ላይ እንዳይሠራጭ ያግዛል። ይህን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሐረሪ ቋንቋ ማስተማር ለዩኒቨርሲቲዎችና ለጤና ጣቢያዎች የሚከብድ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው የአፎቻው ድርሻ ነው። ሕግ ምስሉን ከመድረክ ሊያስነሣ ይችላል፤ የተላከለትን ቪዲዮ ለሌላ ሳያሻግር የሚያጠፋ ጎረቤት ግን በአዋጅ አይገኝም። የሶፊ ልጅ ወደ ቤቷ መመለስ መቻሏ በመጨረሻ የሚወሰነው ስልኩ በእጁ ባለው በዚያ ጎረቤት ነው።