አፍ አልከፈት ካለ ንጋትን አትጠብቁ

ጉንጩ አብጦ፣ አፉ አልከፈት ብሎት፣ ምራቁን መዋጥ ያቃተው ሰው ቤታችሁ ካለ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ንባቡ ይደርሳል። ከሐይቅ ከተማ እስከ ውጫሌ፣ እስከ ግሸን ግርጌ ድረስ ላላችሁና ይህ ላልደረሰባችሁ ግን የምለው አለኝ፤ በተለይ ከ17 እስከ 25 ዓመት የሆነው ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም ላላችሁ።

ነገሩ የመጨረሻው መንጋጋ ነው፤ የጥበብ ጥርስም ይሉታል። ሌሎቹ ጥርሶች ቦታ ቦታቸውን ይዘው ካበቁ በኋላ በጉርምስና ማብቂያ ብቅ ይላል። ቦታ ከተረፈለት ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ማንም ልብ አይለውም። ቦታ ካጣ ግን በሰው በተሞላ መደብ ላይ አምሽቶ እንደ ደረሰ እንግዳ በጎኑ ይጋደማል፤ ፊቱ ያለውን ጥርስ ይገፋል፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ አጥንት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ከሁሉም የሚያስቸግረው ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ድድ ውስጥ የቀረው ነው። በላዩ በተጋረደው የድድ ሽፋን ሥር የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የቆሎ ገለባ፣ የጫት ቅጠል ይገባል። መፋቂያም ብሩሽም አይደርስበትም። ተዋሲያን እዚያ ይራባሉ፤ ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ አፍ መጥፎ ሽታና ጣዕም ያመጣል፣ ሲውጡ እስከ ጆሮ ይወጋል።

ክፋቱ፣ ሕመሙ የጥርስ አይመስልም። ጥርሱ አልተቦረቦረም፤ በመስታወት ቢታይ ጫፉ እንኳ አይገኝም። ስለዚህ ሌላ ስም ይወጣለታል። ሲውጥ ካመመው «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» ይባላል። ጉንጩ ካበጠ ጆሮ ደግፍ ነው፣ ምች መትቶት ነው ይባልና ዳማ ከሴ ይታሻል። ጥርስ መሆኑ ከታወቀ ደግሞ ትሉ እንዲወጣ የእምቧይ ፍሬ ጭስ ይታጠናል። ጥርስ ውስጥ ትል የለም። ዳማ ከሴን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ ግን በአጥንትና በድድ መካከል የታመቀ መግል ቅጠል አይሰማም። እንጥል ማስቆረጥና የሕፃናትን ግግ ማስነቀል በክልላችን ስንት ጊዜ ሲወገዝ የኖረ ጎጂ ልማድ ነው፤ ዛሬ በጎረምሳ ጉሮሮ ላይ የሚመዘዘው ምላጭ ከዚያው ልማድ የተረፈ ነው። ጉንጭን በውጭ በኩል መብጣትም እንዲሁ። መግሉ በቅጡ ሳይወጣ ፊት ላይ የዕድሜ ልክ ጠባሳ ይቀራል።

ሌላው ወጥመድ ንጹሕ ስለሚመስል ይበልጥ ያሳስበኛል፤ እሱም የፋርማሲው መስኮት ነው። ልጁ ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ይውጣል፣ እብጠቱ በሦስት ቀን ይሸሻል፣ «ዳንኩ» ይላል። አልዳነም። ጥርሱ እንደ ተጋደመ ነው፣ የድዱ ሽፋንም እንዳለ ነው። በወሩ ወይም በስድስት ወሩ ይመለሳል፤ ተዋሲያኑም መድኃኒቱን ይለማመዱታል። የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍተው ዱቄቱን ድድ ላይ የሚነሰንሱ፣ አስፕሪን ጥርሱ ላይ አስቀምጠው የሚነክሱም አሉ። አስፕሪን ድድን ያቃጥላል እንጂ ሥሩ ያለውን አይነካም። እብጠት አንዴ መጥቶ በመድኃኒት ከሸሸ፣ ያ ማስጠንቀቂያ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ጊዜ ነው።

ጥርስ ሰው ይገድላል ወይ? ይገድላል። የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ሥር የሚያበቃው ከአፍ ወለል ጡንቻ በታች ነው። መግሉ አጥንቱን በውስጥ በኩል ከበሳ በቀጥታ ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ይወርዳል። በሁለቱም ጎን ሲስፋፋ የአፍ ወለል ይጠጥራል፣ ምላስ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋል፣ የአየር መተላለፊያው ይጠባል። በ1836 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ ገልጾት በስሙ የሚጠራው በሽታ ይህ ነው። የጸረ ተዋሲያን መድኃኒት ከመምጣቱ በፊት ከሚያዙት ሰዎች ከግማሽ በላይ ይሞቱ ነበር። ዛሬ በጊዜ የደረሰ አብዛኛው ይድናል። የሚገድለው በሰዓታት ውስጥ ትንፋሽ በመዝጋት ስለሆነ «በጊዜ» ማለት በዚያው ቀን፣ በዚያው ሌሊት ማለት ነው።

ምልክቶቹን ያዙ። ጤነኛ ሰው ሦስት ጣቱን ደርቦ በፊት ጥርሶቹ መካከል ያስገባል፤ ሁለት ጣት ካልገባ አደጋ አለ። አገጭ ሥር ያበጠው ሲነካ እንደ እንጨት መጠንከሩ፣ ምራቅ መዝረብረቡ፣ ድምፅ መለወጡ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለቱ፣ ተጋድሞ መተንፈስ አቅቶት ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ማዘንበሉ፣ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ማሳሸት የለም፣ ትኩስ ጨርቅ የለም፣ ነገ የለም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ላይ ደግሞ በሽታው ከሁሉም ይፈጥናል።

እኛ ጋ ይህ ከሌላው ቦታ ይብሳል፤ ምክንያቱም የመንገድ ችግር አለ። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ውጫሌ ከዚያ ይርቃል፣ ከአምባሰል ደጋ ቀበሌዎች ደግሞ አስፋልት ለመድረስ ብቻ ሰዓታት በእግር ይኬዳል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴም ሐይቅም ሲያዙ የደሴ ሆስፒታል መዘረፉን የረሳ የለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም ግጭት በተነሳ ቁጥር መኪና የማይንቀሳቀስበት ቀን፣ ይልቁንም ሌሊት፣ አለ። ስለዚህ አንዴ ያበጠ የመጨረሻ መንጋጋ ያለው ሰው መታየት ያለበት መንገዱ ክፍት በሆነበት፣ እብጠቱም በሌለበት ቀን ነው። እብጠቱ ሌሊት ቢመጣ ግን ደሴ እስኪደረስ አትጠብቁ፤ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል በደም ሥር መድኃኒት ጀምሮ ሪፈር ይጻፍላችሁ።

መነቀሉን ብዙ ሰው ይፈራል። «የላይኛው ጥርስ ሲነቀል ዓይን ይጠፋል» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው፤ የጥርስ ሥርና የዓይን ነርቭ አይገናኙም። እውነተኛው ስጋት ሌላ ነው። ከታችኛው መንጋጋ ሥሮች አጠገብ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ያልፋል። ከተነካ ከንፈር ይደነዝዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል፣ አልፎ አልፎ ግን ሳይመለስ ይቀራል። የተጋደመ ጥርስ ሳይነቀል በፊት ራጅ የሚነሳው ለዚህ ነው። ያለ ራጅ «በጉጠት ልንቀልላችሁ» የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ ውጡ፤ ሥሩ ተሰብሮ ይቀራል፣ መንጋጋም ሊሰበር ይችላል። በአግባቡ ሲሠራ ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል፣ ድዱ ይከፈታል፣ የጋረደው አጥንት በመጠኑ ይነሳል፣ ጥርሱ ካስፈለገ ተከፋፍሎ ይወጣና ድዱ ይሰፋል። ከ25 ዓመት በታች አጥንቱ ስላልጠነከረ ሥራውም ቁስሉም ይቀላል።

ከዚያ በኋላ ቁስሉ ላይ የተደረገውን ጎዝ 30 ደቂቃ ያህል ነክሶ መቆየት ነው። በመጀመሪያው ቀን እንትፍ አይባልም፣ አይጉመጠመጡም፣ ቡና በትኩሱ አይጠጣም። በረድ ያለ አጥሚትና እርጎ ይበቃል። በማግስቱ ለብ ባለ የጨው ውኃ ቀስ ብሎ መጉመጥመጥ ነው። ሲጋራ ጨርሶ አይሞከርም። ጫትም ቁስሉ እስኪሽር ይቆይ፤ ጫት በሚቃምበት ዱዓ ላይ የሚቀመጡት አባቶችም ቢሆኑ ለታመመ ሰው መተውን ይፈቅዳሉ። ጉድጓዱን የሸፈነው የረጋ ደም ከወጣ አጥንቱ ይራቆታል፣ በሦስተኛው ቀን ገደማ ጆሮ የሚያፈርስ ሕመም ይጀምራል። ያኔ ማስታገሻ መደራረብ ሳይሆን ወደ ነቀለው ሐኪም መመለስ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በተቃራኒው ልበል። የተቀበረ ጥርስ ሁሉ ይነቀል ማለት አይደለም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2000 እ.ኤ.አ. ሕመም የሌለበት የተቀበረ መንጋጋ እንዳይነቀል መክሯል። የማያም፣ የማያብጥ፣ ጎረቤቱን የማያበሰብስ ከሆነ እየተከታተሉ መተው ይቻላል።

በመጨረሻ ወደ ዓረብ አገር ልጅ ለምትሸኙ ቤተሰቦች። ከተሁለደሬና ከአምባሰል ወረዳዎች የሚሄዱት አብዛኞቹ ይህ ጥርስ በሚበቅልበት ዕድሜ ላይ ናቸው። በሰው ቤት ተቀጥራ ሌሊት ጉንጯ ያበጠ ልጅ ማን ሐኪም ቤት እንደሚወስዳት አስቡት። ለጉዞ የምታወጡት ገንዘብ ብዙ ነው፤ ከዚያ ላይ ለአንድ ራጅና ለአንድ የጥርስ ሐኪም የሚሆን ቀንሱ፣ ከመሄዷም በፊት ደሴ ወስዳችሁ አስመርምሯት።