ቀዩ ለስላሳ የጾም ነው ወይ?

በዐቢይ ጾም ሥጋና ወተቱን ትተን ቀይ ለስላሳ ያለ ሐሳብ እንከፍታለን። ውሃ፣ ስኳርና ጋዝ አይደል፤ ምን ሊኖርበት? እኔ ግን ዕድሜዬን በመጠጥ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ስለገፋሁ፣ የጠርሙሱን ጽሑፍ ሳላነብ አልቀምስም። ልጆቼ በዚህ አመሌ ተሰላችተዋል።

ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ የሚሠሩ ቀለሞች ገበያቸው እየጠበበ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ስድስት ቀለሞች የገቡበት ምግብና መጠጥ የልጆችን ትኩረት ሊያውክ እንደሚችል እንዲጻፍበት ያስገድዳል። አሜሪካም በ2025 «ቀይ ቁጥር 3» ከምግብ እንዲወጣ ወስናለች። ደግ አደረጉ። በምትኩ የሚመጣው የተፈጥሮ ቀለም ነው፤ ጥያቄዬም ከዚህ ይጀምራል፤ ከየትኛው ፍጥረት?

ከካርካዴ ከሆነ እሰየው። ካርካዴ አፍልታችሁ ሎሚ ጠብ ብታደርጉበት ቅላቱ ይደምቃል፤ የዳቦ ሶዳ ብትነሰንሱበት ይጠቁራል። ለስላሳ አሲዳም ስለሆነ ይስማማዋል ማለት ነው። ጠላቱ ብርሃን ነው፣ ቫይታሚን ሲ ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። ለሙከራ መስኮት ላይ የምንደረድራቸው ጠርሙሶች እየገረጡ ሄደው የሻይ እጣቢ ይመስሉ ነበር። ቀይ ሥርም ሙቀት አይችልም። ሳጥኑ ቀኑን ሙሉ ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው ለሚውልበት አገር ይህ ቀላል ራስ ምታት አይደለም።

ብርሃንና ሙቀት የማይበግረው ቀይ ካርሚን ነው፤ በመለያ ቁጥሩ ኢ120። ይህ ግን ኮቺኒል ከምትባል፣ ቁልቋል ላይ ተጣብቃ ከምትኖር ነፍሳት ደርቃ የሚወጣ ነው። ለአንድ ኪሎ ከመቶ ሺህ በላይ ነፍሳት ያስፈልጋሉ። ትግራይ ኮቺኒልን በደንብ ያውቃታል፤ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ለዚሁ ቀለም ተብላ ገብታ፣ ከቁጥጥር ወጥታ፣ የደቡቡን በለስ አውድማዋለች። ስታርባክስ በ2012 የእንስሳት ውጤት የማይቀምሱ ደንበኞቹ ሲቆጡ ካርሚንን ትቶ ወደ ቲማቲም ቀለም ዞሯል። የእኛ ጿሚ ደግሞ ከእነሱ ይበዛል እንጂ አያንስም።

ብርቱካናማውም ቢሆን ያው ነው። ቤታ ካሮቲን በውሃ ስለማይሟሟ አንዳንዴ በጄላቲን ተሸፍኖ ይመጣል፤ ጄላቲን ከከብት፣ ከዓሣ ወይም ከአሳማ ነው። ይህ ሙስሊሙንም ይመለከታል።

እዚህ የሚሸጥ ለስላሳ ካርሚን አለበት እያልኩ አይደለም። «የተፈጥሮ ቀለም» ብሎ ማለፍ ግን አይበቃም። ከአበባ ይሁን ከነፍሳት፣ ጄላቲኑም የምን እንደሆነ፣ በአማርኛ፣ ያለ መነጽር በሚነበብ ፊደል ይጻፍ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በአንድ መመሪያ ሊያስገድደው ይችላል፤ አምራቹም ጠርሙሱ ላይ ከሚጨምረው አንድ መስመር ሌላ ወጪ የለበትም። በካርካዴው የገረጣ እንደሆነ ደግሞ ይገርጣ፤ እኔ የገረጣውን እገዛለሁ።