ወደ ባሕር የሚወርድ ሰው እንግዳ ነው

ሰው በውኃ ውስጥ መተንፈስ አይችልም። ስለዚህ በጥንት ዘመን ጠላቂ ትንፋሹን ይዞ ይወርድና ፈጥኖ ይወጣ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. ግን ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የሚባሉ ሁለት ፈረንሳውያን፣ ጠላቂው በጀርባው ከተሸከመው የብረት ዕቃ አየር እየሳበ የሚተነፍስበትን መሣሪያ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች ታላላቆቹን ዓሦች በቤታቸው ሳሉ ለማየት በቁ።

ከነዚህም አንዱ ማንታ ነው። ማንታ ሰውነቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ሲዋኝም በክንፍ የሚበር ይመስላል። ትልቁ ዐይነት ከክንፍ እስከ ክንፍ 7 ሜትር ያህል ይደርሳል። በአፉ ግራና ቀኝ ቀንድ የሚመስል ነገር ስላለው የጥንት መርከበኞች የሰይጣን ዓሣ ብለው ሰየሙት። ነገር ግን ማንታ መርዝ የለውም፤ ሰውንም አይበላም። ምግቡ በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው፤ ቀንድ የተባለውም ምግቡን ወደ አፉ የሚመራበት ነው። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» እንደሚባለው፣ ክፉ ስም ያወጡለት ሰዎች ጠባዩን አልመረመሩም ነበር።

የሻርክም ነገር እንዲሁ ነው። ከ500 ከሚበልጡት የሻርክ ዐይነቶች ሰውን የሚጎዱት ጥቂቶች ናቸው። በዓለም ሁሉ በሻርክ ተነክሰው የሚሞቱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ከ10 አይበልጡም፤ ሰው ግን በየዓመቱ ብዙ አሥር ሚሊዮን ሻርኮችን ይገድላል። እንግዲህ ከሁለቱ ማን ማንን ሊፈራ ይገባዋል?

አንዳንድ ጠላቂዎች «ማንታ የዋህ ከሆነ ብንዳስሰው ምን ይጎዳዋል?» ይላሉ። ይህ አሳብ ትክክል አይደለም። የማንታ ቆዳ ከበሽታ በሚጠብቀው ልጋግ የተሸፈነ ነው፤ የሰው እጅ ግን ይህን ልጋግ ይገፈዋል። ደግሞም ማንታ ትናንሽ ዓሦች ከሰውነቱ ተባይ እየለቀሙ እንዲያጸዱት ወደ ታወቀ ስፍራ ይመጣል። ጠላቂው ቢያሳድደው ሳይጸዳ ይሄዳል። ማንታ ብዙውን ጊዜ በአንድ ጊዜ የምትወልደው አንድ ልጅ ብቻ ስለ ሆነ፣ የጠፋው ቶሎ አይተካም። የዋህ መሆኑ ሊያስከብረው እንጂ ሊያስደፍረው አይገባም።

በሰላማዊ ውቅያኖስ ያለች ፓላው የምትባል ትንሽ የደሴቶች አገር ይህን አስተውላለች። በ2009 ዓ.ም. ባሕርዋን ሁሉ የሻርኮች መጠጊያ አድርጋ ከዓለም አገሮች ቀደመች። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ አገርዋ የሚገባ እንግዳ ምድርዋንና ባሕርዋን እንዳይጎዳ በፓስፖርቱ ላይ ቃል ገብቶ ይፈርማል። ቃሉንም የሚሰጠው ለአገሩ ልጆች ነው፤ ባሕሩን የሚወርሱት እነርሱ ናቸውና።

ይህ ሥርዓት መልካም ነው፤ ለሌሎችም አገሮች ምሳሌ ሊሆን ይገባል። ፊርማ ብቻውን ግን ዓሣን አያድንም። ቃሉ የሚፈተነው ማንታው ሊነካ እስኪቻል ድረስ ሲቀርብ፣ የሚያይ ዳኛም በሌለበት በጥልቁ ውስጥ ነው። በዚያ ስፍራ እጁን የሚሰበስብ ሰው ቃሉን ጠብቋል፤ እጁን የሚዘረጋ ግን ከልጆች ርስት ወስዷል።