ደንቡን የሚጠብቀው ማን ነው? የጨዋታ መጻሕፍት ወደ ዲጂታል ሲሻገሩ

በ1982 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተገለጹ ናቸው) ስቲቭ ጃክሰንና ኢያን ሊቪንግስተን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን «የፋየርቶፕ ተራራው ጠንቋይ» የተሰኘውን መጽሐፍ በፓፊን አሳታሚነት ለወጣት አንባቢዎች አቀረቡ። መጽሐፉ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል የሚነበብ አልነበረም። ታሪኩ ቁጥር በተሰጣቸው 400 አንቀጾች ተከፋፍሏል፤ አንባቢው በየመገንጠያው የሚሄድበትን ይመርጣል፤ ምርጫውም ወደ ሌላ ቁጥር ይመራዋል። ጭራቅ ሲገጥመው ሁለት ዳይሶች ይጥላል፤ ክህሎቱን፣ ብርታቱንና ዕድሉን በእርሳስ እየጻፈ፣ በላጲስ እያጠፋ ይመዘግባል። «ፋይቲንግ ፋንታሲ» የተባለው ተከታታይ ኅትመት የተነሣው ከዚህ መጽሐፍ ነው።

የጨዋታ መጻሕፍት ዛሬ በስልክና በኮምፒውተርም ይነበባሉ። ስለዚህ ሽግግር በተነሣ ቁጥር የሚቀርበው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ አዲሱ ቅጂ ለነባሩ ጽሑፍ ምን ያህል ታማኝ ነው የሚል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ቃላቱና ሥዕሎቹ በሙሉ ሳይነኩ ተሻግረው የመጽሐፉ ዋና ነገር በመንገድ ሊቀር ይችላል። ያ ዋና ነገር ደንቡን የማስከበር ሥልጣን ነው። ስለዚህ የዲጂታል ቅጂዎች መመዘኛ ሊሆን የሚገባው፣ በወረቀቱ መጽሐፍ በአንባቢው እጅ የነበረው ይህ ሥልጣን አሁን በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ ነው።

ዳኛም ተጫዋችም የሆነ አንባቢ

የጨዋታ መጽሐፍን ልዩ የሚያደርገው ምርጫ መኖሩ ብቻ አይደለም። በ1979 የወጣው የኤድዋርድ ፓካርድ «ዘ ኬቭ ኦቭ ታይም» ለአንባቢው ምርጫ ይሰጥ ነበር። እነ ጃክሰን በምርጫው ላይ ደንብ ጨመሩበት። ደንብ ደግሞ አስፈጻሚ ይፈልጋል፤ በወረቀት ላይ ያለው ብቸኛ አስፈጻሚ ራሱ አንባቢው ነው። ዳይሱን የሚጥለው፣ ውጤቱን የሚቆጥረው፣ ሞቱንም የሚያውጀው እርሱ ነው። ገበጣ የተጫወተ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጠጠሩን ለየጉድጓዱ የሚያድለው የተጫዋቹ እጅ ነው፤ ቆጠራውም የጨዋታው አካል ነው። ልዩነቱ በገበጣ ጊዜ የሚታዘብ ባላጋራ ፊት ለፊት መቀመጡ ነው። የጨዋታ መጽሐፍ አንባቢ ግን ብቻውን ነው።

ብቻውን በመሆኑም ማጭበርበር ይችላል። ጣቱን እንደ ዕልባት በቀድሞው ገጽ ላይ አኑሮ ቀጣዩን አንቀጽ ይሰልላል፤ ያልወደደውን ዳይስ እንዳልተጣለ ይቆጥራል። ደራስያኑ ለዚህ መልስ እንዳዘጋጁ የመጻሕፍቱ አሠራር ራሱ ይመሰክራል። «የፋየርቶፕ ተራራው ጠንቋይ» ሲጠናቀቅ አንባቢው የጠንቋዩን ሣጥን ለመክፈት በመንገዱ ባገኛቸው ቁልፎች ላይ የተቀረጹትን ቁጥሮች ደምሮ ድምሩ ወደሚያመለክተው አንቀጽ መሄድ አለበት። የሚሄድበት ቁጥር በገጹ ላይ አልተጻፈምና ቁልፎቹን ያላገኘ ሰው ጣቱን በማሾለክ ብቻ አይደርስበትም። በ1986 የወጣው የጃክሰን «ክሪቸር ኦቭ ሃቮክ» ደግሞ ከስውር ስሌቶች በተጨማሪ የተመሰጠረ ንግግር እንዲፈታ አንባቢውን ይጠይቃል። ደራሲና አንባቢ በገጹ ላይ ይፈታተኑ ነበር ማለት ይቻላል።

ጃክሰን ከ1983 እስከ 1985 በአራት ቅጽ ያወጣው «ሶርሰሪ!» ይህን ግንኙነት በሌላ አቅጣጫ ወሰደው። በመጽሐፉ ውስጥ 48 ድግምቶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በሦስት የላቲን ፊደላት ይጠራሉ። አንባቢው ከጉዞው በፊት በቃሉ እንዲያጠናቸው፣ በመንገድም የድግምት መጽሐፉን እንዳይገልጥ ይጠየቃል። በጭንቅ ሰዓት ከሚቀርቡለት አማራጮች መካከል ጭራሽ የሌሉ ድግምቶች ይገኙበታል፤ የሌለውን የመረጠ ከብርታቱ ይከፍላል። እዚህ ላይ የሚፈተነው የአንባቢው ትዝታ ነው፤ የሚታመነውም የገባው ቃል ነው። ገልጦ ቢያይ የሚከለክለው የለም።

የኖርዌዩ ተመራማሪ ኤስፐን ኦርሴት በ1997 ባሳተመው «ሳይበርቴክስት» እንዲህ ላሉ ጽሑፎች «ኤርጎዲክ» የሚል ስያሜ ሰጥቷል። በስያሜው አንባቢውን ዓይኑን በገጹ ላይ ከማንቀሳቀስ ያለፈ ጥረት የሚጠይቁ ጽሑፎች ይጠቃለላሉ። በጨዋታ መጻሕፍት ይህን ጥረት ለሁለት ከፍሎ ማየት ይጠቅማል፤ አንዱ መምረጥ፣ ሌላው መዳኘት ነው። አብዛኛው ክርክር በመምረጥ ላይ ሲያተኩር መዳኘት ተዘንግቷል። ዲጂታል ሽግግሩ በቀጥታ የሚነካው ግን ይህንኑ ሁለተኛውን ነው።

ሥልጣኑ ወደ ማሽኑ ሲዞር

የመጀመሪያው ሽግግር ፈጥኖ ነበር የመጣው። በ1984 ለዜድ ኤክስ ስፔክትረም ኮምፒውተር የተሠራው «የፋየርቶፕ ተራራው ጠንቋይ» የእጅ ቅልጥፍና የሚፈትን ጨዋታ ነበር፤ የመጽሐፉን ስም ወርሶ ጽሑፉን ተወው። ከዓመታት በኋላ የአውስትራሊያው ቲን ማን ጌምስ በሠራቸው የ«ፋይቲንግ ፋንታሲ» መተግበሪያዎች ተቃራኒውን መንገድ ተከተለ። አንቀጾቹንና ሥዕሎቹን እንዳሉ ይዞ፣ ዳይሱ በስክሪኑ ላይ እንዲንከባለል፣ የጀብዱ መዝገቡም ራሱን በራሱ እንዲሞላ አደረገ። በጽሑፍ ታማኝነት ከተመዘነ ከዚህ የተሻለ መጠበቅ ያስቸግራል። ቢሆንም ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል።

የመጀመሪያው የተዘጋው በር ጉዳይ ነው። የወረቀቱ መጽሐፍ አንባቢው የብር ቁልፍ እንዳለው ጠይቆ፣ ካለው ወደ አንድ ቁጥር፣ ከሌለው ወደ ሌላ ቁጥር ይልከዋል። ቁልፉ የሌለው አንባቢ በዚያች ቅጽበት የብር ቁልፍ የሚባል ነገር በተራራው ውስጥ አንድ ቦታ መኖሩን ያውቃል። መጽሐፉ ያመለጠውን ነገር ይነግረዋል፤ ሁለተኛ ጊዜ እንዲያነብ የሚገፋፋውም ይህ ነው። ማሽኑ ግን ቁልፉ መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ ስለሚያውቅ መጠየቅ አያስፈልገውም። ክፍቱን መንገድ ብቻ ለማሳየት ከመረጠ፣ አንባቢው ምን እንደቀረበት ሳያውቅ ያልፋል። ያመለጠውን የማያውቅ ደግሞ ተመልሶ የሚፈልገው ነገር የለውም።

ሁለተኛው ለውጥ የሥነ ምግባር ነው። ብቻውን የተቀመጠ ታዳጊ የጠላውን የዳይስ ውጤት ተቀብሎ የገጸ ባሕርዩን ሞት ሲመዘግብ ትንሽ ነገር ግን እውነተኛ የሆነ ውሳኔ ይወስናል። ውሳኔው ትርጉም የሚኖረው ሌላውን ማድረግ ስለሚችል ነው። መዋሸት በማይቻልበት ስፍራ እውነተኝነት ምስጋና የለውም። መተግበሪያው ዳይሱን ጥሎ፣ ቆጥሮ፣ ሞቱን ሲያውጅ አንባቢው ከዳኝነት ወንበሩ ይነሣል።

ወንበሩን የመለሱ ሥራዎች

ከላይ የተባለው ኪሳራ የቴክኖሎጂው የግድ ውጤት አይደለም። ለዚህ ሦስት ማስረጃዎች አሉ።

ቲን ማን ጌምስ ራሱ በመተግበሪያዎቹ ላይ ዕልባት ጨመረ፤ ደንቡን ወደ ጎን ትቶ የተዘጉትን አማራጮች ሁሉ ከፍቶ ማንበብ የሚያስችል የንባብ ስልትም አካተተ። የአንባቢው ጣት ወደ ስክሪኑ ተመለሰች ማለት ነው።

መቀመጫውን በካምብሪጅ ያደረገው ኢንክል ከ2013 እስከ 2016 በአራት ክፍል ያወጣው «ሶርሰሪ!» የበለጠ ደፋር ነው። ከፍልሚያው ዳይሱን አስወጥቶ፣ ተጫዋቹ በእያንዳንዱ ምት ምን ያህል ኃይል እንደሚያፈስ እንዲገምት አደረገ። ድግምቶቹን በቃል የማጥናት ግዴታ ቀረ፤ ፊደላቱ በስክሪኑ ላይ ይታያሉ። በዚህ በኩል የጃክሰን መጽሐፍ ከአንባቢው የጠየቀው ቃል ጠፍቷል። በምትኩ ኢንክል ወደ ኋላ መመለስን የጨዋታው ሕጋዊ አካል አደረገው፤ ተጫዋቹ በካርታው ላይ ወዳለፈበት ስፍራ ተመልሶ ሌላ መንገድ መምረጥ ይችላል። በታሪኩ ውስጥ «ስዊንድልስቶንስ» የሚባል፣ ባላጋራን በዳይስ ቁጥር የማታለል ጨዋታም አለ። ከገጹ የተባረረው ማጭበርበር የታሪኩ ዓለም ሙያ ሆኖ ተመለሰ። በሥነ ጽሑፍ ጥናታችን «ውርስ ትርጉም» የምንለው አካሄድ ይህን ይመስላል፤ ቃሉን እየለወጠ ጠባዩን ለማዳን ይጥራል።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁሉም ቀላል ነው። ጆ ዴቨር በ1984 የጀመረው «ሎን ዎልፍ» በዳይስ ፋንታ የቁጥር ሰንጠረዥ ይጠቀማል፤ አንባቢው ዓይኑን ጨፍኖ እርሳሱን በሰንጠረዡ ላይ ያሳርፋል። ዴቨር በ1999 መጻሕፍቱ በኢንተርኔት በነጻ እንዲቀርቡ ፈቀደ፤ «ፕሮጀክት ኤዮን» የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ኅብረትም በተራ የድረ ገጽ ጽሑፍ መልክ አዘጋጃቸው። ከአንቀጽ ወደ አንቀጽ የሚወስደው ማስፈንጠሪያ ነው፤ መዝገቡን ግን አንባቢው አሁንም በወረቀት መያዝ ይችላል። ጽሑፉ ዲጂታል ሆኖ ዳኛው ሰው ሆኖ መቅረት እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

ሊነሣ የሚገባ ተቃውሞ

ቆጠራው አሰልቺ ሥራ ነው፤ ማሽኑ ቢወስደው አንባቢው ለታሪኩ ነጻ ይሆናል የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። የወረቀት መጽሐፍ ማስታወስ የሚችለው አንባቢው ለመመዝገብ የታገሠውን ያህል ብቻ ነው፤ ማሽን ግን በመጀመሪያው መንደር የተነገረ አንድ ቃል ከረጅም ጉዞ በኋላ መዘዝ እንዲያመጣ ሊያደርግ ይችላል።

በአማርኛ ለመጻፍ ለሚያስብ ሰው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለ። የእንግሊዝኛው ሁለተኛ መደብ ጾታን አይለይም፤ የጨዋታ መጻሕፍቱም ማንኛውንም አንባቢ በአንድ ቃል ይጠራሉ። አማርኛ ግን «ሂድ» ወይም «ሂጂ» ወይም «ይሂዱ» ማለት ግድ ይሆንበታል፤ ጉዳዩ በእያንዳንዱ ግሥ ላይ ይነሣል። የወረቀት መጽሐፍ ለሁሉም አንዱን መርጦ ሌላውን አንባቢ ከታሪኩ ደጅ ያቆማል፤ ወይም በአክብሮቱ «እርስዎ» ይርቀዋል። ሶፍትዌር ግን መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ጠይቆ ጽሑፉን በሙሉ እንደ መልሱ ሊያረባ ይችላል። ይህ ወረቀት የማይሰጠው እውነተኛ ትርፍ ነው። ሆኖም ትርፉ የሚገኘው ማሽኑ ሲጠይቅ እንጂ በራሱ ሲወስን አይደለም። ስለዚህ ተቃውሞው ክርክሩን ያጠራዋል፤ ማሽኑ ጸሐፊ ሆኖ ቢያገለግል መልካም ነው፤ ዳኝነቱን ግን ሳያስፈቅድ መውሰድ የለበትም።

ጠባቂው ሲሞት

ነገሩን ከሥነ ውበት ክርክር በላይ የሚያደርገው የዕድሜ ጉዳይ ነው። በ1982 የታተመ ቅጂ ዛሬም በሁለት ዳይስና በአንድ እርሳስ ይሠራል። በ2017 ግን የአፕል አይ ኦ ኤስ 11 ባለ 32 ቢት መተግበሪያዎችን ማስኬድ ሲያቆም፣ ሠሪዎቻቸው ያላደሷቸው ሥራዎች በአዲሱ ሥርዓት ላይ የማይከፈቱ ሆኑ። ደንቡ በኮዱ ውስጥ ተቆልፎ ከነበረ፣ ኮዱ ሲቆም ታሪኩም አብሮ ይቆማል። ኢንክል «ኢንክ» የተባለውን የመጻፊያ ቋንቋውን በ2016 ለሁሉም ክፍት ማድረጉ የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም ቋንቋው ተከፈተ ማለት በቋንቋው የተጻፉት ታሪኮች ተከፈቱ ማለት አይደለም። አንባቢው ዳኛ በሆነበት ሥራ ጽሑፉ ብቻ ከተረፈ ጨዋታው ይተርፋል፤ ማሽኑ ብቸኛ ዳኛ በሆነበት ሥራ ግን የጽሑፉ መትረፍ በቂ አይሆንም።

ስለዚህ በዚህ መስክ የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ ከሥነ ጽሑፍም ይምጡ ከኮምፒውተር ሳይንስ፣ አንድን ዲጂታል ቅጂ ሲመዝኑ ሦስት ጥያቄዎችን ቢያስቀድሙ መልካም ነው። አንባቢው ደንቡን ማየትና፣ ከፈለገ፣ መጣስ ይችላል? ያልተከፈተለት በር መኖሩን ያውቃል? ሠሪው ነገ ሥራውን ቢተው ታሪኩን ሌላ ሰው ሊጫወተው ይችላል? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ለመመለስ ሥራውን መጫወት ይበቃል። ሦስተኛው ግን ሥራዎቹ ገና በሚከፈቱበት ጊዜ ደንባቸውን በጽሑፍ መዝግቦ ማኖርን ይጠይቃል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለሚፈልግ ተማሪም ከዚህ የሚቀድም ሥራ ያለ አይመስልም።