ከልጥፉ ሥር

የዚህ እትም ዋና ጉዳይ ልጥፉ ሳይሆን ከሥሩ የሚመጣው መልስ ነው። ፌስቡክ ላይ የአንድ ታዋቂ ሰው ዜና ዕረፍት ሲወጣ አስተውሉ። ቀድሞ የገባው «ነፍስ ይማር» ካለ ተከታዩም ያንኑ እየደገመ ይወርዳል። ቀዳሚው «ለመሆኑ የየት አገር ሰው ነበር?» ብሎ ከጠየቀ ግን ሐዘኑ ይቀርና የዘር ክርክር ይጦፋል። ሟቹን ማን ያስታውሰው!

ጥፋቱ የሰው ጠባይ ብቻ አይደለም። ፌስቡክ ብዙ ላይክና ምላሽ ያገኘውን አስተያየት ወደ ላይ ያወጣዋል፤ «ኧረ ነውር ነው» እያልን የምንሰጠው ተግሣጽ ሳይቀር ስድቡን ከፍ ያደርገዋል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው።

ሌሎቹ መድረኮችም መልሱን በየራሳቸው መንገድ ይዘውታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ትዊተር ማን መልስ እንደሚሰጥ ጸሐፊው ራሱ እንዲወስን ፈቀደ። በዚያው ዓመት ቴሌግራም በተቃራኒው እየተነበበ ብቻ ይታለፍ የነበረውን የቻናል ልጥፍ ለአስተያየት ክፍት አደረገው።

በውስጥ ገጾች የቻናል አስተዳዳሪዎች የትኛውን አስተያየት እንደሚያጠፉ፣ የቱንስ አይተው እንዳላዩ እንደሚያልፉ ያወጉናል። የሕግ አምዳችን ደግሞ ስለ ጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከአስተያየት ሰጪው አንጻር ይፈትሻል። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ሆን ብለን አላሳጠርነውም።