ሃምሳ ሎሚና አንድ ወገብ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል የአገራችን ሰው። ምሳሌው ስለ ትብብር የተነገረ ቢሆንም የፊዚክስ ተማሪ ጠለቅ ብሎ ከተመለከተው ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ሃምሳውን ሎሚ የግድ አንድ ሰው ብቻውን የሚሸከመው ቢሆንና ያ ሰው ወገቡን የሚያመው ቢሆን፣ ሎሚው በየትኛው የአካሉ ክፍል ላይ፣ በምን ዓይነት መያዣ ይቀመጥለት? ጥያቄው ተራ ይምሰል እንጂ ሳይንሳዊ መልስ አለው። መልሱ ከታወቀ የቆየ ቢሆንም ከሁሉ ይበልጥ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች ገና አልደረሰም ብሎ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያምናል።

መልሱን በተግባር ካዋሉት መካከል የአንድ ጨዋታ አፍቃሪዎች ይገኙበታል። ጨዋታው ዲስክ ጎልፍ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ መልክ የያዘ ስፖርት ሲሆን ተጫዋቹ ሳህን መሰል የፕላስቲክ ዲስክ እየወረወረ ሰንሰለት በተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ ለማስገባት ይጥራል። አንድ ሜዳ ብዙውን ጊዜ 18 ቅርጫቶች አሉት። የአንዱ ዲስክ ክብደት 175 ግራም ያህል ነው። ይሁን እንጂ ለሩቅና ለቅርብ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ለሚታጠፍ ውርወራ የተለያየ ዲስክ ስለሚያስፈልግ 20 ዲስክ የሚይዝ ተጫዋች ብርቅ አይደለም። ይህ 3.5 ኪሎ ግራም ነው። ሁለት ሊትር ውኃ ሲጨመርበት 5.5 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ የቦርሳው የራሱ ክብደት፣ ፎጣውና የዝናብ ልብሱ ገና አልተቆጠሩም። ተጫዋቹ በእያንዳንዱ ቅርጫት ሦስት ጊዜ ብቻ ቢወረውር እንኳ በአንድ ዙር ዲስኩን ለማንሣት 54 ጊዜ ያጎነብሳል፤ ቦርሳውንም በየመንገዱ እያስቀመጠ መልሶ ያነሣል። ወገቡን ለሚያመው ሰው ጨዋታው ወደ ሥቃይ የሚለወጠው በዚህ ነው።

ምክንያቱን የመፈንቅል ሕግ ያስረዳናል። ቀጥ ብለን እንድንቆም የሚያደርጉን የጀርባ ጡንቻዎች ከአከርካሪው የመዞሪያ ነጥብ የሚርቁት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። 5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቦርሳ ክንዳችንን ዘርግተን በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ብንይዘው፣ የርቀቱ ንጽጽር አሥር ለአንድ ስለሆነ ጡንቻዎቹ በ50 ኪሎ ግራም ክብደት ልክ መሳብ ይኖርባቸዋል። ያንኑ ቦርሳ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ብናስጠጋው የሚፈለገው ኃይል ወደ 15 ኪሎ ግራም ክብደት ይወርዳል። የቦርሳው ክብደት አልተነካም፤ የተለወጠው ርቀቱ ብቻ ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ የላይኛው አካላችን ክብደት አልገባም። ስናጎነብስ እርሱም ከመዞሪያው ነጥብ ስለሚርቅ ራሱን የቻለ ሸክም ይሆናል። 175 ግራም ብቻ የሚመዝን ዲስክ ማንሣት የታመመን ወገብ የሚያስጮኸው ስለዚህ ነው።

ነገሩ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። ሃንስ ዮአኪም ቪልከ የተባሉ የጀርመን ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ ፈቃደኛ ሰው ወገብ ላይ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ባለው ልም ትራስ ውስጥ ጥቃቅን የግፊት መለኪያ አስገብተው ነበር። ሰውየው ዘና ብሎ ሲቆም ግፊቱ 0.5 ሜጋ ፓስካል ሆነ። 20 ኪሎ ግራም ዕቃ ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ ሲይዝ 1.1፣ ያንኑ ዕቃ ከደረቱ 60 ሴንቲ ሜትር ሲያርቀው 1.8 ደረሰ። ጉልበቱን አጥፎ ከመሬት ሲያነሣው 1.7፣ ወገቡን አጉብጦ ሲያነሣው ደግሞ 2.3 ሜጋ ፓስካል ተመዘገበ። የተለካው አንድ ሰው ብቻ በመሆኑ አኃዞቹን ለሰው ሁሉ ልክ አድርጎ መውሰድ አይገባም፤ የሚያመለክቱት አቅጣጫ ግን የመፈንቅል ሕግ ከሚነግረን ጋር አንድ ነው።

የዲስክ ጎልፍ ተጫዋቾች ቦርሳም ይህንኑ ሕግ ተከትሎ ተሻሽሏል። በአንድ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለው ቦርሳ ተሸካሚውን ወደ ጎን ስለሚያጋድል ሁለት ማንገቻ ያለው የጀርባ ቦርሳ ተተካ። ከባዱ ዕቃ ወደ ጀርባ እንዲጠጋ ተደረገ። በዳሌ ላይ የሚታሰር ቀበቶ ሲጨመር የክብደቱ ከፊል ከትከሻና ከአከርካሪ ይልቅ በቀጥታ በዳሌ አጥንት ላይ አረፈ። ለማስቀመጥና ለማንሣት ማጎንበስ እንዳያስፈልግ እግር ያለው ቦርሳ ተሠራ። ሕመም የበረታበት ሰው ደግሞ ሁሉንም በምትገፋ ትንሽ ጋሪ ላይ ጭኖ ይሄዳል፤ ደልዳላ ሜዳ ላይ ክብደቱን የሚችለው መሬቱ ሲሆን ሰውየው የሚያሸንፈው የመንኮራኩሩን ሰበቃ ብቻ ነው። ከሁሉም የሚቀለው መፍትሔ ግን መቀነስ ነው፤ ከ20 ዲስክ 12ቱን ቤት ማስቀረት 2.1 ኪሎ ግራም ያስቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የታችኛው ወገብ ሕመም እንደነበረባቸው ተገምቷል፤ የሕመሙ መነሻም ብዙ ነው። ከባድ ቦርሳ ብቻውን የተማሪዎችን ወገብ ያሳምማል የሚለው የተለመደ አባባል በጥናቶች በአጥጋቢ ሁኔታ አልተረጋገጠም። አልጋ ላይ ተኝቶ መሰንበትም ለተለመደው የወገብ ሕመም መድኃኒት አይደለም፤ እንደ አቅም መንቀሳቀስ ይመከራል። እግር የሚደነዝዘው ወይም የሚዝል፣ ሽንት መቆጣጠር ያቃተው ሰው ግን ስለ ቦርሳ ከማሰቡ በፊት ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ከላይ ወደ ጠቀስነው 20 ኪሎ ግራም እንመለስ። ይህ ቁጥር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ውኃ የሞላ የ20 ሊትር ጀሪካን ክብደት ነው። ብዙ ሴቶችና ልጆች ዛሬም በጀርባቸው አዝለው ወይም በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው ይጓዙበታል። ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክማ የምትወርድ ሴት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም የሚበልጥ እስር በገመድ ብቻ ታዝላለች። እስሩ ወደ ኋላ ስለሚስባት የስበት ማዕከሏን በእግሮቿ ላይ ለማቆየት መንገዱን ሁሉ ጎንበስ ብላ ትጨርሳለች፤ ገመዱም ትከሻዋንና ደረቷን ይቆርጣታል። ለመዝናኛ የሚያዝ 5 ኪሎ ግራም ማንገቻ፣ ቀበቶ፣ መቆሚያ እግርና መንኮራኩር ሲያገኝ፣ ለኑሮ የሚታዘለው 30 ኪሎ ግራም ያገኘው አንድ ገመድ ብቻ ነው። ጨዋታውን መንቀፍ አይገባም፤ ተጫዋቹ ለወገቡ የሚገባውን አድርጓል። የሚያሳፍረው የእኛ ዝምታ ነው።

«ትክክለኛው መፍትሔ ቧንቧ መዘርጋትና ማገዶን በኤሌክትሪክ መተካት እንጂ ሸክምን ማሳመር አይደለም» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ሚዛን ይደፋል፤ የመጨረሻው ግብ ሸክሙን ማስቀረት መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ቧንቧው እስኪደርስ ድረስ ጀሪካኑ በየቀኑ ይታዘላል፤ ዛሬ የሚጎዳ ወገብ ነገ በሚመጣ ቧንቧ አይድንም። «ጋሪ በድንጋያማ ዳገት አይሄድም» የሚለውም እውነት ነው። ሰፊ ማንገቻና የዳሌ ቀበቶ ግን የትኛውም ዳገት አይከለክላቸውም፤ አገር ውስጥ ከሚሸመን ጥጥና ከተራ ሸራም ሊሰፉ ይችላሉ።

ስለዚህ የሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ ሲያጡ ሩቅ እንዳይሄዱ እንመክራለን። የሚዛን፣ የሜትርና የአንድ ልብስ ሰፊ ትብብር ካለ ሥራው ይጀመራል። የቀድሞውንና የአዲሱን አያያዝ አወዳድሩ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን ተሸካሚዎቹን ራሳቸውን የት እንደሚያማቸውና ምን እንደሚያስቸግራቸው ጠይቁ፤ ስለ ሸክም ከእነርሱ የሚበልጥ አዋቂ የለምና። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ነገ ጠዋት ቦርሳችሁን ስታነግቱ ሁለቱንም ማንገቻ አጥብቃችሁ ከባዱን መጽሐፍ ወደ ጀርባችሁ በማስጠጋት የመፈንቅልን ሕግ በራሳችሁ አካል ላይ ልትፈትኑት ትችላላችሁ።

ሃምሳውን ሎሚ ለሃምሳ ሰው የምናካፍልበት ቀን እስኪመጣ ድረስ ብቻውን ለተሸከመው ሰው ቢያንስ ደህና ማንገቻ እንሥራለት።